ጓንጉል ሰማይ ወጣ

ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ፤ ነገሩ ከነነፍሱ እውነት ነው። ለጋላክሲ የወጣ ስም ከምድር በሚሰረዝበት ዘመን፣ ትርሲት ደብረ ብርሃን ጣሪያዋ ላይ በብርድ እየተንዘፈዘፈች ያነሳችውን የጋላክሲ ፎቶ የቀድሞ ባሏ ጓንጉል «የኔ ነው» ብሎ ተሸለመበት። እሷም ቂሟን ቋጥራ ጣሪያዋ ላይ ተመለሰች። ከጭላንጭል የማትሻል ድንክ ጋላክሲ ፈልጋ ፎቶ አነሳችና «ጓንጉል» ብላ ሰየመቻት።

በማግስቱ ስም አልባው ሰውዬ ደወለ።

«ትርሲትዬ፣ በእናትሽ ስሜን መልሺልኝ!»

«ማን ልበል?»

ስልኩን ሳትዘጋ ልጃቸው ማህደር ከትምህርት ቤት ገባች። ደረቷ ላይ ከተለጠፈው ባጅ የአባቷ ስም ተፍቋል።

«እማዬ፣ እኔስ ከእንግዲህ ማህደር ማን ልባል?»

ትርሲት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እንባውን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኩት። እሷማ እየሳቀች እስክሪብቶ አነሳችና «ማህደር ትርሲት» ብላ ጻፈችላት።