ሁለተኛው ግድግዳ

አሠሪው ሜትሩን ከለማጁ ተረከዝ ጀምሮ በጀርባው በኩል ወደ ላይ ዘረጋው። አናቱ ላይ ሲደርስ በአውራ ጣቱ ያዘና ቁጥሩን አየ። ከዚያ የትከሻውን ስፋት ለካ።

ለማጁ ልብስ ሊያሰፋልኝ ነው ብሎ ለማሰብ ሞከረ። ለልብስ ግን ከጫማ እስከ አናት ማን ይለካል? ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ቁመታቸው እኩል ነበር።

«ይበቃል» አለ አሠሪው። የግቢው በር መቆለፉን ሊያይ ወጣ። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያደርገው ለማጁ መቁጠር ትቷል።

ለማጁ ጎልማሳ ነው። ሸክም ወገቡን ጎድቶታል፤ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ስለዚህ ግንበኛ አጎቱን ሙያ አስተምረኝ ብሎ ለመነ። አጎቱ ቱንቢ መጣል፣ ሲባጎ መወጠርና ብሎኬት ማሰር በዚሁ አሠሪው በሚያሠራው ቤት አሳየው። ግንቡ ሲጣመምበት፣ ማን ሠራው ቢሉኝ ጎረቤት ነው እላለሁ እያለ ይቀልድበት ነበር።

ጣሪያው እንዳለቀ አሠሪው ሠራተኛውን ሁሉ አሰናበተ፤ አጎትየውንም። ለማጁን ብቻ አስቀረ። አጎቱ፣ ዕድልህ ነው፣ እንዳታሰድበኝ ብሎት ሄደ።

ሥራው ልስን መስሎት ነበር። አሠሪው ግን ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ክፍተት አስተርፎ፣ ሌላ ግድግዳ አሠራው። በር የለውም፤ መስኮት የለውም። ጣሪያው ሥር አንዲት ቀጭን ቱቦ አለችው። መሀሉን ለጊዜው ክፍት ተወው ተባለ። ለምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ አንተ ግንብህን ገንባ አለው።

ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። እዚህ እንደምትሠራ ማን ያውቃል? ለማጁ ሚስቴና አጎቴ ብቻ ብሎ መለሰ፤ አፉን ከዘጋ በኋላ ነው የቆጨው። ሰው ከዚህ ግንብ ጀርባ ቢጮህ መንገድ ላይ ይሰማል? አይሰማም ጋሼ። ቢለሰንስ፣ አዲስ መሆኑ ያስታውቃል? ቤቱ በሙሉ ገና ስለሚለሰን አያስታውቅም፤ ልስኑ ግን የግድ ከውጭ ነው የሚሠራው። ይህን ሲሰማ አሠሪው ፊቱ ጠቆረ።

በማግስቱ የግንበኛ ማንኪያውን ስጠኝ፣ ግንባታ አስተምረኝ አለው። እንደ አካፋ ነበር የያዘው። የሲሚንቶ ጭቃው ይበዛበታል፤ ብሎኬቱን ያስቀምጣል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ያስቀምጣል። እጁ ቆስሎ እንኳ አልተወም። መኪና ባለፈ ቁጥር ማንኪያው አየር ላይ ይቆምበታል። ለማጁ እያስተማረ አንገቱን ይደባብስ ነበር። በክፍተቱ ውስጥ ብርድ ልብስና የውሃ ጀሪካን አይቷል። ሳልሞት ሊቀብረኝ ነው አለ በልቡ።

ለሚስቱ ሲነግራት አትሂድ ብላ አለቀሰች። አጎቱ ግን ሳቀ።

«አንተን ለመግደል ቤት የሚሠራ ሰው ከተገኘማ ትልቅ ሰው ሆነሃል ማለት ነው» አለው።

አፍሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። አሠሪው በሩን ከኋላው ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደው።

«ግባ» አለው።

የግንበኛ መዶሻ በአሠሪው እጅ ነበር። ለማጁ ገባ። ጀርባው አሮጌውን ግድግዳ ነካ። አሠሪው በአዲሱ ግንብ መሀል ክፍት የቀረውን መግጠም ጀመረ። ብሎኬቱ ጉልበት ደረሰ፤ እምብርት አለፈ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ለማጁ ያስተማረው ሁሉ አለበት።

«ጋሼ፣ ሚስቴ እርጉዝ ናት።»

«አውቃለሁ። ትንፋሽ ያጥርሃል?»

«አዎ።»

አሠሪው ቀና ብሎ ቱቦዋን አየ፤ ሌላ ብሎኬት አነሳ። ለማጁ መጮህ ፈለገ። አይሰማም ጋሼ ያለው ራሱ መሆኑን አስታወሰ።

ግንቡ ደረቱ ላይ ሲደርስ የአሠሪው ስልክ ጮኸ። አሠሪው ጆሮው ላይ አደረገው። የት ደረሱ ብሎ ብቻ ጠየቀ። ስልኩ ከእጁ ወደቀ፤ አላነሳውም።

ተንደርድሮ እርጥቡን ግንብ በደረቱ ገፍቶ ናደው። ለማጁ ዓይኑን ጨፍኖ ምቱን ጠበቀ። ምት አልመጣም። አሠሪው በፍርስራሹ ላይ ተረማምዶ ክፍተቱ ውስጥ ገባና አጠገቡ ተለጠፈ። ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

«ውጣ ወንድሜ» አለው። «ውጣና ሳይደርሱብኝ ዝጋብኝ።»