አሥራ ሁለት ጠጠር

ጎረምሳው ማሽላ ሊጠብቅ ከወጣበት ማማ ላይ፣ ለወፍ የለቀማቸውን ጠጠሮች ስድስት ስድስት አድርጎ ደረደራቸው። የስንኝ ምት መቁጠር የተማረው በእነሱ ነበር። ጣልያን መተማን ከያዘ ሁለተኛው መኸር ነው፤ የጎረቤቱ ልጅ ከወዲያኛው ማማ ሆና፣ «ግጥሜን ያልመለሰ አያገባኝም» ካለችው ደግሞ ወር ሞላው። ዛሬም እየሳቀች ወረወረችለት፦

«ወንጭፍህ ዝም አለ፣ ወፍ ማሽላ በላ።»

ጣቱን በጠጠሮቹ ላይ እያስኬደ አንሾካሾከ። ጣቱ መጨረሻው ጠጠር ላይ ልክ ሲደርስ፣ ልቡ እየዘለለ ብድግ አለ፦

«ይብላው፣ አንቺ ካለሽ፣ ምን ያደርጋል ሌላ።»

ሳቋ ቆመ። ወንጭፏ ከእጇ ወደቀና ወፉ በእሷም ማሳ ላይ ሰፈረ። ይሄኔ አባቷ ከአገዳው መካከል ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ማሽላችን ሳያልቅ ሽማግሌ ላክ።»