ምንድን ነህ?

የልጄ ልጅ ትርሲት ጃቫ በሚሉት ቋንቋ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። ዛሬ ጠዋት የጻፈችውን ስትሰርዝ አየኋትና፣ «ደግሞ ምን አበላሸሽ?» አልኳት።

«እማማ፣ ወደ ፕሮግራሙ የመጣውን ሁሉ ‹ምንድን ነህ?› እያልኩ እጠይቅ ነበር። ያላሰብኩት ዓይነት ሲመጣ ሳይገባ ይመለሳል። አሁን ሁሉንም ‹ሰላም በል› ብቻ እላለሁ፤ እያንዳንዱ በሚያውቅበት መንገድ ይላል።»

«ሳይጠይቁ ማስገባት የሰነፍ ሥራ ነው። እኔ በዚህ በር ማንነቱን ሳልጠይቅ ያስገባሁት የለም።»

ከሰዓት እጮኛዋ ምርቃቴን ሊቀበል ይመጣል። እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ሲመጣ ታዪዋለሽ» ከማለት በቀር አትናገርም።

በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የሞተር ሄልሜት የያዘ ጎረምሳ ቆሟል።

«ምንድን ነህ? ዕቃ አድራሽ ነህ?»

ዝም።

«የማን ልጅ ነህ?»

ፈገግ ብሎ ዝም።

«ዱዳ ነህ እንዴ?» አልኩና በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት።

ትርሲት ሮጣ ከፈተችው። አፏን ሳትከፍት በእጆቿ አነጋገረችው፤ እሱም በእጆቹ መለሰላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ።

ምርቃት አልቆብኝ የማያውቀው እኔ፣ እጄን የት እንደማሳርፈው እንኳ ጠፋኝ።