ዋናውና ቅጂው

ፕሮግራም ሠሪው ሰነፍ አልነበረም፤ ግን አንድ ስህተቱ ቅጽል ስም አትርፎለታል። አምና ከደንበኞች መዝገብ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተጻፉ ሰዎችን የሚለይ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ የተደገሙትን አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣለት፤ እሱ ግን ቅጂውን ያጠፋ መስሎት ዋናውን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «አጥፊው» ይለዋል።

«ፕሮግራሙ አንድ ናቸው አለህ እንጂ የትኛው ዋናው እንደሆነ መች ነገረህ?» ትለዋለች አጠገቡ የምትቀመጠው የሶፍትዌር ፈታሽ፣ ሻይ በጠጡ ቁጥር።

አጥፊው ጥቃቅን ነገር ማብሰልሰል ይወዳል። ሊፍቱ ማንም ሳይጠራው ለምን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቆማል? አንዳንድ ብልሽት ሰው ቆሞ ሲያየው ጠፍቶ፣ ዞር ሲሉ ለምን ይመለሳል? ለሁሉም ምክንያት አለው ብሎ ያምናል።

የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገ አራት ወሩ ነው። ሐኪሙ «ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳይደርስብህ» ብሎታል። ይህንንም ለእናቱና ለእህቱ ራሱ ጽፎ ነግሯቸዋል። ሁለቱ የሚኖሩት የአንድ ቀን መንገድ ርቀው፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው። እናቱ ጆሮዋ ከደከመ ዓመታት ስላለፉ የምታወራው በመልእክት ብቻ ነው። እህቱ ነርስ ናት፤ እሱ በገዛላት ቢጫ ስልክ በየቀኑ ትደውል ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን «ፈረቃዬ ተቀይሯል፣ ሥራ ላይ ስልክ አናነሳም፤ ጻፍልኝ» ብላ እሷም ወደ ጽሑፍ ዞራለች።

መጀመሪያ የቆረቆረው ሰዓቱ ነው። እናቱ ከተኛች እህቱም አትመልስም። አንዷ ስትጽፍ ሌላዋ ዝም ትላለች። ደግሞ እህቱ «አንተ የኮምፒውተር ምርኮኛ» እያለች መተረቧን ከተወች ሰነበተች። አሁን የምትጽፈው «ዛሬ ብርድ ነው፣ ደርበህ ውጣ» ዓይነት ብቻ ሆኗል።

እናቱ ታማ ይሆን? ወይስ የባሰ ነገር አለ? አስቦ ሳይጨርሰው ደረቱ ላይ ያለው ጠባሳ ይበላዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራውን ትቶ የሁለቱን መልእክቶች የሚያወዳድር ፕሮግራም ሠራ። ሰው በስንት ቃል እንደሚናገር፣ ወሬውን በምን እንደሚጀምርና በምን እንደሚጨርስ የሚመዝን ነው። የድሮዎቹን ሰጠው፤ የሁለት ሰው ናቸው አለ። ያለፉትን ሁለት ወራት ሰጠው። ውጤቱን ሲያይ ፈታሿን ጠራት።

«የአንድ ሰው ነው ይላል» አለች አንብባ።

«እህቴ ናት። በእናቴ ስም እየጻፈችልኝ ነው።» ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እናቴ ሞታለች። ለልቤ ፈርታ ደብቃኝ ነው።»

ፈታሿ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና ተወችው።

«እስቲ ፎቶዋን ላኪልኝ በላት» አለችው ቆይታ።

ጠየቀ። ፎቶው ከእህቱ ስልክ መጣ። እናቱ ግንባሯ ተቆርጦ፣ ዓይኗ አባብጦ፣ አንድ ትከሻዋ ወደ ላይ ተነስቶ ትታያለች። እህቱ ፎቶ ማንሳት ታውቅበታለች። ይሄ በጥድፊያ የተፈለገ አሮጌ ፎቶ ነው ብሎ ደመደመ።

በማግስቱ ለማንም ሳይናገር አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ እናቱን አለቀሰ። ልጅ ሆኖ ሲታመም ከራስጌው የማትጠፋውን፣ የሚመረውን መድኃኒት ማር ነው እያለች የምታስውጠውን እናቱን። እህቱን ደግሞ ተቀየማት። እናቱን እንዳይቀብር እንዴት ትከለክለዋለች? ልቡ ቢቆምስ፣ የእሱ ልብ አይደለም?

ቤቱ እንደነበረ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። እህቱ ጫማዋን የምትደረድርበት ደረጃ ባዶ ነው። ሥራ ላይ ናት አለ በሆዱ። ቁልፍ ስለሌለው ለእህቱ ጻፈላት፦ «ሁሉንም አውቄአለሁ። በር ላይ ነኝ።»

ከበሩ ማዶ፣ ቅርብ፣ አንድ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። ቆይቶ የሚጎተት ኮቴ መጣ፤ በሩም ተከፈተ።

እናቱ ነበረች።

«እማዬ» ብሎ ተጠመጠመባት፤ እያለቀሰ ሳቀ። እንደማትሰማው እያወቀ «ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ፤ ሞተሻል ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» እያለ ትከሻዋን ሳመ። ደስታው ልክ አጣ። ልቡም ምንም አልሆነ።

እናቱ ግን መልሳ አላቀፈችውም፤ በሁለት እጇ የእህቱን ቢጫ ስልክ ደረቷ ላይ ጨብጣ ይዛ ነበር።