የተመለሰው ብርድ ልብስ

«ለብርዱ ወራት የተመደበው በጀት ስላለቀ መጠለያው ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ በሩ ላይ ተለጠፈ። ደብዳቤው ለብርዱ አልደረሰውም መሰል፣ ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርድ ነበር። መጨረሻ የወጡት ሽማግሌ ብርድ ልብሳቸውን በአራት አጥፈው ለንብረት ተረካቢዋ አቀረቡላት።

«ይውሰዱት፣ አባባ። ማንም አያይም።»

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ ልጄ። ቢጎድል የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። እኔን እንደሆነ የሚጠይቀኝ የለም» አሉና ሳቁ።

ልትከራከራቸው አፏን ከፈተች፤ እጇ ግን ቀድሟት ተቀበለ። ብርድ ልብሱ የሰውነታቸው ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር። ሽማግሌው የኮታቸውን ኮሌታ አቁመው ደጁን ከተሻገሩ በኋላ ዞር አሉ።

«እንግዲህ የከርሞ ሰው ይበለን።»

«አሜን» ልትል ስትል ዓይኗ ውሃ የሞላው ጫማቸው ላይ አረፈ።