አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ

ጋሪ ገፊው በሞተ በአራተኛው ቀን፣ ሰፈሩ በሙሉ ምንም አላየም። ፀጉር አስተካካዩ ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። መድኃኒት ሻጯ ምሳ ላይ ነበረች። ጫማ ሻጩ ደግሞ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛ ያልነበረው ሰው፣ በዚያች ሰዓት ደንበኛ ይዞ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው «ከጋሪው ላይ ወድቆ ነው» ብሏል። ጋሪ የሚገፋ ሰው ጋሪ ላይ ምን ሊሠራ ይወጣል ብሎ የጠየቀ የለም።

ልብስ ሰፊዋ ግን አይታለች። የስፌት መኪናዋ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ሁለት ፖሊሶች ሰውየውን በዱላ ሲደበድቡት፣ ከወደቀም በኋላ ሲረግጡት፣ አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ በስልኳ ቀርጻለች። ሌላ ማስረጃ የለም። ለእናቱ ልትሰጥ ቆርጣ ቤታቸውን እያጠያየቀች ነበር።

«ሰርዢው» አላት ባሏ ጠዋት ከቤት ሲወጣ። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ሲባል አልሰማሽም? ልጆች አሉሽ እኮ።»

«ደንበኛዬ ነበር» አለችው።

እውነቷን ነው። እጅጌው ስለረዘመበት ሊያሳጥር ያመጣው ጃኬት አሁንም ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ሥራውን ከጨረሰችው አምስት ቀን ሆኗታል።

አራት ሰዓት ላይ አንድ ሃምሳ አለቃ መንገዱ ላይ ታየ። የጣቢያውን ፖሊሶች በመልክ ታውቃቸዋለች፤ ይሄኛውን አይታው አታውቅም። ጢሙን አልተላጨም። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገብቶ ወጣ። መድኃኒት ቤት ገብቶ ወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቷን አየ።

ደረጃውን ሲወጣ የጫማው ድምፅ ተሰማት። ልቧ ከዳት። ቪዲዮውን ሰረዘችው፤ የተሰረዙት የሚቀመጡበት ውስጥም ገብታ አጠፋችው።

ረጅም ሰው ነበር፤ በሩን ጎንበስ ብሎ አለፈና ከኋላው ዘጋው።

«ከዚህ ሁሉም ነገር ይታያል» አለ መስኮቱ ጋ ቆሞ።

«እኔ አቀርቅሬ ነው የምሰፋው።»

«እህቴ፣ የቀረጽሽው ካለ ለኔ ስጪኝ። ጣቢያ እንዳትወስጂው። እዚህ መምጣቴንም ማንም እንዳይሰማ።»

ባሌ ልክ ነበር አለች በልቧ። ስልኩን አቀበለችው። ፎቶዎቿን አንድ በአንድ አያቸው፤ ጨርሶም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አላመነኝም ብላ ገመተች።

«እውነት ምንም የለሽም?»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ ምንም የለኝም።»

ስልኩን መለሰላት። ሊወጣ ሲል ጃኬቱን አየና ቆመ። እጅጌውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገው።

«ይሄን እወስደዋለሁ» አለ። የማን እንደሆነ አልጠየቃትም።

የሟቹን ልብስ እንኳ ሊያጠፉት ነው ብላ አንገቷን ደፋች። የእግሩ ኮቴ ሲርቅ ተረፍኩ ብላ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዋ አፈረች።

ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃው ከተማው ዳር አንድ ቤት ገባ፤ ጃኬቱን አንዲት አሮጊት ጭን ላይ አኖረና፣ «እማ፣ ለታናሽ ወንድሜ የሰጠሁት ጃኬቴ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ በልኩ አሳጥራለት ነበር፤ ያየ ሰው ግን የለም» አላት።