አራተኛው እርምጃ

«ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር!» ብሎ ቆጥሮ ጨረሰና ዶክተር ዳውሬን በሳቅ ፈነዳ። «ሪማ፣ አራት አልነበር ያልሽው? ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ማለት ይሄ ነው!»

የሕክምናው ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። ጠፈርተኛው ግሌብ ቬኒያሚኖቪች ስድስት ወር ሙሉ ከምድር በላይ ሲንሳፈፍ ከርሞ፣ እዚህ የካዛክስታን ሜዳ ላይ ካረፈ ገና አንድ ሰዓቱ ነው። ዐይኑ በጨርቅ ታስሮ፣ ተረከዙን ከጣቱ ጫፍ እያስነካ ዐሥር እርምጃ ሄደ። እኔ ደግሞ ከመብረሩ በፊት የሚወዛወዝ ሰሌዳ ላይ አቁሜ ሚዛን አጠባበቁን ለክቼ ነበር። ሲመለስ በአራተኛው እርምጃ ይወድቃል ብዬ ጽፌ በፖስታ አሽጌያለሁ። ከጠፈር የሚመለስ ሰው ስንተኛው እርምጃ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሜ ለማወቅ የለፋሁበት የዐሥራ አምስት ዓመት ሥራዬ ያ ፖስታ ነው። ደግሞ እንዲወድቅ ከልቤ ተመኝቻለሁ፤ ምን ልዋሽ!

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከሃያ ዓመት በፊት እኔም የጠፈር ሠልጣኝ ነበርኩ። ለአንድ ቦታ ሁለታችን ቀረን፣ እኔና እሱ። ከሚሽከረከረው የሥልጠና ወንበር የወረደ ሁሉ ያዞረዋል፣ ሁሉም «ምንም አልሆንኩም» ይላል። እኛ ጋ ለሐኪም እውነቱን የሚናገር ሞኝ ብቻ ነው። እኔም ለሐኪም ትንፍሽ አላልኩም። የነገርኩት ለግሌብ ነው፣ እንደ ወንድም አምኜው። በማግስቱ ለመራጩ ኮሚሽን «በገዛ አንደበቷ እንደሚያዞራት ተናግራለች» ብሎ ጽፎ ፈረመ። እሱ በረረ፣ እኔ ሰው ስለካ ኖርኩ።

ጨርቁን እንደፈታሁለት ግራ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላብ በላብ ሆኗል።

«ሪሞችካ» አለኝ ስሜን አቆላምጦ በጆሮዬ፣ ለሰዎቹ ጥርሱን እያሳየ። «ጨርቁ ላልቶ ነበር። በሥሩ ወለሉን እያየሁ ነው የሄድኩት። አሁን ቀና ስል ምድር እንዳለ ተገለበጠችብኝ። እስከ ሄሊኮፕተሩ ደግፊኝ።»

«ያዞርሃል?»

«ኧረ ቀስ በይ! በሚቀጥለው ዓመት አዛዥ ሆኜ ልመለስ ነው። ይሄን ካወቁ አለቀልኝ። እንዳትጽፊው፣ አደራ! የድሮ ጓደኛሽ አይደለሁ?»

የድሮ ጓደኛ! እስቲ ስሙት!

ዳውሬን እንደ ልማዱ ከሜዳው የቀጠፈውን አሪቲ አመጣለት። ከሰማይ የተመለሰ ሁሉ እሱን አሽትቶ ነው ምድር መድረሱን የሚያምነው። ግሌብ በአንድ እጁ ተቀብሎ አሸተተ።

«እንዴት ነዎት ታዲያ?» አለው ዳውሬን።

«ምንም አልሆንኩም!» አለ ጮክ ብሎ።

«አንበሳ!» አለ ዳውሬን፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ «በይ እንግዲህ፣ ፖስታሽን ለምድጃ አድርጊው።»

የፈተናውን መዝገብ ከጠረጴዛው ሳብኩ። ግሌብ የተንጠለጠለው ግራ ክንዴ ላይ ነው፣ ቀኝ እጄ ነፃ ነው። ከ«ዐሥር» ሥር ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን አጉልቼ፣ እሱ እንዲያነበው ወደ እሱ አዙሬ ጻፍኩ፦ «ጨርቁ ላልቶ ነበር። በገዛ አንደበቱ እንደሚያዞረው ተናግሯል።»

አነበበው። አንዴ አነበበና ደገመው። ቃሉን ያውቀዋል፣ የራሱ ነው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቂም ይዘሽ ኖርሽ?» አለኝ በሹክሹክታ። «አንቺ እባብ!»

«ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አልኩትና ፈረምኩ።

«የድሮ ወዳጆች! እስቲ ወደዚህ ፈገግ በሉ!» ብሎ ዳውሬን ስልኩን ደቀነብን።

እኔ ከልቤ ፈገግ አልኩ። ግሌብ ዐይኑ በንዴት ደም ለብሷል። ክንዴን ግን አልለቀቀም፤ ቢለቅ ይወድቃል።